ስድስት ቁጥር አልተነሳም

ዝናቡ ከነጋ አንዴም አላባራም። ዌንደል ሐስኪንስ ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለውን ትልቅ መኪናውን ይዞ፣ ከአሥራ አንድ መሰሎቹ ጋር ወደ አላስካ በሚጓዝ ቅፍለት ውስጥ ስድስተኛ ሆኖ ይነዳል። ሁሉም ጡረተኞች፣ ሁሉም ባልና ሚስት ናቸው። ብቻውን የሆነ እሱ ብቻ ነው። ጉዞውን ያሰበችው፣ በየቀኑ የት እንደሚታደር በእርሳስ የጻፈችው ሚስቱ ሎርና ነበረች። መጋቢት ላይ ሞተችበት። ሴት ልጁ «ተው አባዬ፣ ይቅርብህ» ብትለው «እናትሽ ያሰበችውን እኔ አላስቀርም!» ብሎ ወጣ። ይኸው በአሥራ አራተኛው ቀን ጀግንነቱ አለቀ።

ዛሬ ሊመለስ ቆርጧል። ነዳጅ ከሚቀዱበት ማደያ ወጣ እንዳሉ መገንጠያ አለ፤ ቀጥታው ወደ አላስካ ይወስዳል፣ የግራው ወደ ደቡብ፣ ወደ ቤቱ። ለማንም አልተናገረም። እዚያ ሲደርስ መኪኖቹ በሚነጋገሩበት ሬዲዮ «ደህና ሁኑ» ብሎ ሊታጠፍ ነው። ወግ ነው እንዲህ መሰናበት? አይደለም። ግን ፊት ለፊት ቢነግራቸው ቤቨርሊ እንደማትለቀው ያውቃል።

ቤቨርሊ የቅፍለቱ ደጀን ናት። ከባሏ ጋር ከሁሉም ኋላ እየነዳች የተበላሸውንና የቀረውን ትሰበስባለች፤ ምላሷ ደግሞ አያርፍም። ማደያው ውስጥ ስታየው «አንተ፣ ያ ሹራብ ዛሬም ሳይታጠብ ወጣ?» አለችው።

«ዝናቡ ያጥበዋል፤ አንቺን ምን አስቸኮለሽ?»

«ስማ፣ ሎርናን ጥለሃት የሄድክበት ማደያ ይሄ እንዳይሆን ብቻ!»

ወሬውን ራሱ ነው የነገራቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሎርና ከኋላ አልጋው ላይ የተኛች መስሎት ማደያ ላይ ትቷት ነጎደ። ስልሳ ኪሎ ሜትር ሙሉ ለባዶ አልጋ ሲያወራ! ሲመለስ እዚያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ ሁለት ቀን አላናገረችውም። ከዚያ ወዲህ ደንብ ወጣ፦ ሎርና ገብታ የኋላውን ግድግዳ ሁለቴ ሳታንኳኳ መኪናው አይነቃነቅም።

ዌንደል ከቤቨርሊ ጋር ሳቀ። ከመጋቢት ወዲህ ከልቡ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። እየሳቀ ገባና ሞተሩን አስነሳ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ መኪናው ሞቋል። አምስቱ መኪኖች ከፊቱ ተሰልፈዋል፣ ስድስቱ ከኋላው።

«ስድስት ቁጥር፣ ዝግጁ ነህ?» አለ መሪያቸው ሃርላን በሬዲዮ።

«ቆይ አንዴ፣ ሎርና ገና አላንኳኳችም።»

ጉድ! አፉ ነው የተናገረው ወይስ ልቡ? አሥራ አንዱም መኪና ሰማው። ዌንደል መሪውን ጨበጠ። ሰው እንዲህ ይናፍቃል እንዴ? እዚያው ማደያ በር ላይ ኩርፍ ብላ ብትቆምለት፣ ሁለት ቀን አይደለም ዓመት ባታናግረው ምን ነበረበት!

ቤቨርሊ ናት ቀድማ የመለሰችለት። ቀልድ የለበትም ድምፅዋ።

«እንጠብቃለን፣ ዌንደል። ማንም አይነሳም።»

ጠበቁ። ደቂቃ ሲያልፍ የሚያቃጥለው ሃርላን እንኳ ማንንም አላጣደፈም። አሥራ አንድ መኪና ሞተሩን አስነስቶ፣ ዝናብ እየወረደበት፣ ለሎርና ቆመላት። ዌንደል አለቀሰ፤ እንደ ልጅ፣ ድምፅ አውጥቶ። ከዚያ ፊቱን በዚያ ባልታጠበ ሹራብ ጠረገና ሬዲዮውን አነሳ።

«ሎርና አትመጣም» አለ። ይህን ቃል ለማንም ብሎት አያውቅም ነበር።

ተነስቶ ወደ ኋላ ሄደ፤ አልጋው አጠገብ ቆሞ ግድግዳውን ራሱ ሁለቴ አንኳኳ። ተመልሶ ተቀመጠና መኪናውን አንቀሳቀሰ።

መገንጠያው ሩቅ አልነበረም። እንደ ደንባቸው እያንዳንዱ ሲያልፍ መንገዱን በሬዲዮ ይናገራል። «አራት፣ ቀጥታ።» «አምስት፣ ቀጥታ።» የዌንደል እጅ የግራው ፍሬቻ ላይ ነበር። እጁን ከፍሬቻው ላይ አነሳ።

«ስድስት» አለ፣ «ቀጥታ።»