ሳይጠሩት የማይፈጠር ስም

ባዩ ደብረ ታቦር ላይ ላንድ ዱቄት ፋብሪካ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራል። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ ጠዋት ሲከፈት፣ ተፈለገም አልተፈለገም፣ የመኪናውን፣ የደንበኛውን፣ የመጋዘኑን መዝገብ፣ በሙያው ቋንቋ ኦብጀክት የሚባለውን፣ ሁሉ ባንዴ ካልፈጠርኩ እያለ ሠራተኛውን እስከ ረፋድ ያስቆም ነበር። ባዩ አሰበበትና «ካልተጠራ አይፈጠር» ብሎ አስተካከለው። ፕሮግራሙ ቦግ ብሎ ተከፈተ። ባዩን ደስታ አሳበደው።

ሚስቱ ዓይናለም ወንድ ልጅ ስትወልድም ስም አላወጣለትም።

«ማን ጠራውና? ጠሪ ሲመጣ ያኔ ይወጣለታል» አላት።

ዓይናለም አራስ ናት፤ ከሙግት እንቅልፍ ይሻላታል። ተኛች።

ክርስትናው ደረሰ። ቄሱ የክርስትና ስሙን ሰጡ፤ መጠሪያው ግን ባዶውን ቀረ። በድግሱ መሐል ከገሳይ የመጡት የዓይናለም አባት አቶ አስናቀ እልፍኝ ገብተው ሕፃኑን አቀፉ።

«ስሙ ማነው ልጄ?»

«የለውም አባባ፤ አንቱ ያውጡለት» አለች ዓይናለም።

«ይሻው!» አሉ። እልል ተባለ።

በዚያችው ቅጽበት ደጅ ዳሱ ውስጥ የባዩ እናት ወይዘሮ ውድነሽ ልጃቸውን ያንኑ ጠየቁት።

«እስካሁን የጠራው የለም፤ አንቺው አውጪለት» አላቸው።

«ሞገስ!» አሉ። እዚህም እልል ተባለ። ሁለቱም ወገን የወዲያኛውን እልልታ የራሱ ማድመቂያ አደረገው።

ነገሩ ሲገለጥ ባዩ ክው አለ። በሽታውን ከፕሮግራሙ ያውቀዋል፤ ሁለት ጠሪ እኩል ከመጣና ሁለቱም ባዶ ካገኘ፣ ሁለቱም ይፈጥራል። ለፋብሪካው፣ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው በር ላይ የሚጠብቅበት ቁልፍ አበጅቶለታል። ለቤቱ አላበጀም።

አያቶቹ አንዳቸውም አልበገር አሉ። በማግስቱ ለየብቻ ቀበሌ ሄደው ልጁን በየመረጡት ስም አስመዘገቡት። ሳምንት ሳይሞላ የጤና ሠራተኛዋ ሁለት የክትባት ካርድ ይዛ መጣች። ባዩ «ልጃችን አንድ ነው» ቢላት፣ «ልጅ ከክትባት መደበቅ ነውር ነው» ብላ አልጋ ሥር ፈለገች።

አንዱን ስም ሊያሰርዙ ሲሄዱ መዝጋቢው ደግሞ፣ «አንዱን ለመሰረዝ ሁለቱም ልጆች በአካል ይቅረቡ» አለ። ዓይናለም ሕፃኑን አዝላ ገባች፤ ይሻው ቀርቧል ተብሎ ተፈረመ። ወጥታ ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳ ተመልሳ ገባች፤ ሞገስም ቀረበ።

«የትኛው ይሰረዝ?»

«ይሄ ያዘልኩት» አለች፤ ደክሟታል።

ወይዘሮ ውድነሽ ለሞገስ ሐዘን ተቀመጡ። ጎረቤቱ ንፍሮ እየያዘ «እግዜር ያጥናዎት» እያለ ገባ። በሦስተኛው ቀን ባዩ ሕፃኑን ወስዶ ጭናቸው ላይ አስቀመጠው። ፊታቸውን አዙረው ቆዩ። ኋላ ጎንበስ ብለው፣ ማንም እንዳይሰማ፣ «ይሻው» አሉት።

ሕፃኑ ሸናባቸው። ለቀስተኛው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ወይዘሮ ውድነሽም ቀሚሳቸውን እያራገፉ፣ «በሉ ንፍሮውን አንሱና ጠላ ቅዱ» አሉ።