አጎቴን ቀጥ ያደረግኩበት ዓመት

ጠማማ ነገር አልወድም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ትንሽ ካዘመመ፣ የሰው ቤት ቢሆንም ተነሥቼ ካላቃናሁት ጨዋታው አይሰማኝም። እናቴ «አንቺን የሚያገባ ሰው ተኝቶም ቀጥ ማለት አለበት» ትላለች፤ ሰውየውም ይህን ሰምቶ ነው መሰለኝ እስካሁን አልመጣም። ለዚህ ጠባዬ ግን ልክ የሆነ ሥራ አገኘሁ። ውሃ መሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከፋይል መደርደሪያው ጀርባ፣ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብዬ የሰው አካሄድ አቃናለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ቆጣሪ አንባቢዎቻችን ቤት ለቤት እየዞሩ የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ፣ አንገታቸው ላይ የክብሪት ሣጥን የምታህል ጂፒኤስ ትንጠለጠላለች። በየአምስት ሰከንዱ ሰውየው ያለበትን ቦታ በአንድ ነጥብ ትመዘግባለች። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ መሣሪያዋን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቼ ፕሮግራሙን እከፍታለሁ፤ ነጥቦቹ ይያያዙና የዕለቱ መንገድ ካርታው ላይ በቀይ መስመር ይወጣል። ችግሩ፣ መሣሪያዋ አንዳንዴ ትቀባዥራለች። ሰውየው አስፋልት ላይ እየሄደ ነጥቡ ጣሪያ ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ነጥብ እኛ ቢሮ «ዝንብ» እንለዋለን። ዝንብ ማባረር የእኔ ሥራ ነው። አንድ በአንድ መልቀም ይቻላል፤ ፕሮግራሙ ግን ከመንገዱ ትንሽ ወጣ ያለውን ሁሉ ባንዴ ወደ መንገዱ የሚመልስ ቁልፍ አለው። ትንሽ ማለት ስንት ሜትር እንደሆነ የምወስነው እኔ ነኝ፤ አርባ ላይ አድርጌዋለሁ። አንዴ ጠቅ ሳደርገው ቀጥ ይላል። ከዚያ «አሮጌው ይተካ?» ብሎ ይጠይቀኛል፣ «አዎ» እለዋለሁ፣ አሮጌው ይጠፋል።

ከአንባቢዎቹ አንዱ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። እዚህ ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው። ስለዚህ የእሱን መስመር በቁልፉ ብቻ አልፌው አላውቅም። ከቁልፉ ያመለጠ ዝንብ ካለ በእጄ እለቅመዋለሁ። «የእሷ አጎት እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል» ከሚሉኝ ሞቴን እመርጣለሁ። ድካሜም ከንቱ አልቀረም፤ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ «ለዓመቱ ንጹሕ ሥራ» የሚል ሰርተፍኬት ሰጥቶኝ ጡረታ ወጣ። ከኮምፒውተሩ በላይ ሰቀልኩት፤ በማስመሪያ ለክቼ።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ነገር መርማሪ ሆኖ መጣ። ደንበኞች «ቆጣሪያችንን ማንም ሳያየው በግምት ይሞሉብናል» ብለው አቤት ሲሉ፣ የሁሉንም አንባቢ መስመር ፕሪንት አስደርጎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከሁሉ ያማረውን፣ ከሁሉ ቀጥ ያለውን አነሣ። የማን ይሆናል? የጋሼ ነዋ። መቶ አሥር ቤት አንብቤያለሁ ያለበት ቀን ላይ፣ ሰውየው ከአስፋልቱ አንዲት ስንዝር አልወጣም። ቆጣሪዎቹ ደግሞ ያሉት ጓሮ ነው። ደብዳቤ ተጻፈለት፤ እስከ ዓርብ ጠዋት በየቤቱ መግባቱን የሚያሳይ ማስረጃ ካላመጣ ይሰናበታል። ጡረታው ሊደርስ አራት ወር ነው የቀረው። ተሰናበተ ማለት የሠላሳ ሁለት ዓመት ድካሙን ውሃ በላው ማለት ነው።

ረቡዕ ዕለት ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፎ ወደ እኔ መጣ። ሰው ብሆን ኖሮ መጀመሪያ ወንበር እስብለት ነበር። እኔ ግን ካርታውን ከፈትኩና አየሁት፣ አመንኩትም። ካርታውን ማለቴ ነው።

«ጋሼ፣ ማሽን እኮ አይዋሽም» አልኩት። «እግርህ ደክሞህ ከሆነ ለምን አልነገርከኝም?»

እያንዳንዱን ግቢ እንደሚገባ ነገረኝ። የትኛው ቆጣሪ በቆርቆሮ እንደተሸፈነ፣ የትኛው በእንጨት ካልተጫረ ቁጥሩ እንደማይታይ፣ ባለ አረንጓዴው በር ቤት ውሻ ማክሰኞ ዕለት ሱሪውን እንዴት እንደዘነጠለው ዘረዘረልኝ። ሱሪውን ሁሉ አሳየኝ። እኔ ደግሞ የማላውቀው ሰው የሚያዋራኝ ይመስል ራሴን ከላይ ወደ ታች እነቀንቃለሁ። ያን ራስ ነቅናቂነቴን ዛሬ ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

«ሌላው ቢለኝ ግድ የለኝም» አለኝ። «አንቺም አላመንሽኝም?» መልሴን አልጠበቀም። ጂፒኤሷን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ወጣ።

እልህ ያዘኝ። ትክክል መሆኔን ለራሴ ላሳይ ብዬ መሣሪያዋን ሰካኋት። የሳምንቱን ነጥብ ሆዷ ውስጥ እንዳለ ትይዛለች፤ እኔ የምተካው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ማክሰኞን ከፈትኩና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቁልፉን ሳልጫን እጄን ሰበሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ከቁልፉ በፊት ያለውን መስመር አይቼው አላውቅም፤ ፋይሉ ገና ሲከፈት ጣቴ ይቀድማል።

ክው አልኩ። መስመሩ ቤት ባለበት ሁሉ ወደ ግቢ ይገባል፣ ጓሮ ይደርሳል፣ እዚያ ይቋጠራል፣ ተመልሶ ይወጣል። ቋጠሮዎቹን ቆጠርኳቸው፤ መቶ አሥር። እኔ ዝንብ እያልኩ የማባርረው ሁሉ ጋሼ ጎንበስ ብሎ ቁጥር የሚያነብበት ቦታ ነው ለካ! ባለ አረንጓዴው በር ቤት ላይ ስደርስ፣ መስመሩ ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ዞረና እስከ መስቀለኛው መንገድ ድረስ ተፈተለከ። ፕሮግራሙ ፍጥነትም ያሳያል፤ በሰዓት አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር። ሰውየው ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ሳቄ መጣ፣ እንባዬ ግን ቀደመው። እጄን በቆረጠው! ለሱ ስም ብዬ ስለቃቅም የኖርኩት እግሩን ነበር።

አንድ ቋጠሮ ግን ቀረኝ። ከድርሻው ሰፈር ሁለት መንገድ አልፎ፣ ምንም የሚያነበው ቆጣሪ በሌለበት፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆሟል። ሰኞን ከፈትኩ፣ አለ። ያለፈው ዓርብም ላይ አለ። ከድርሻው ውጭ ያረፈ ሁሉ ዝንብ ነው ብዬ፣ የት እንዳረፈ እንኳ ሳላይ፣ በየቀኑ በእጄ የምለቅመው እሱን ነበር። ቤቱን ለማወቅ ካርታ አላስፈለገኝም፤ ተወልጄበታለሁ። እናቴ እግሯ እንቢ ካላት ወዲህ ብቻዋን ነው የምትውለው። እኔ «ሥራ በዛብኝ» እያልኩ በስልክ እጠይቃታለሁ፤ ደጃፏን ከረገጥኩ ሦስት ወር አልፎኛል።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ካየ አለቀ፤ በሥራ ሰዓት ዘመድ ጥየቃ ብሎ ሌላ ደብዳቤ ይጽፋል። ማውሱን ወደ ቋጠሮው አስጠጋሁት። ከመቶ አሥራ አንድ አንዱን ባጠፋ ማን ያውቃል? ዓመት ሙሉ ሳላውቅ ስዋሽ ጣቴ አላመነታም፤ አሁን አውቄ ልዋሽ ስል ግን እምቢ አለኝ። ለጋሼ ደወልኩለት። ይቅርታውን በምን ቃል እንደጠየቅኩት አላስታውስም፤ «እሺ፣ እሺ በቃ» ሲለኝ ብቻ ትዝ ይለኛል። ስለ ቋጠሮውም ነገርኩትና ላጥፋው ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ተይው» አለኝ። «እዚያ ነበርኩ እኮ።»

ዓርብ ጠዋት ሁለታችንም ሥራ አስኪያጁ ፊት ቀረብን። ጥሬውን መስመርና እኔ ያጸዳሁትን ጎን ለጎን አስቀመጥኩለትና ያደረግኩትን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኩት። በእስክሪብቶው ጫፍ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። ውሻው ጋ ሲደርስ ቀና አለ፤ ጋሼ የተዘነጠለውን ሱሪ ከፌስታል አወጣ። በመጨረሻ እስክሪብቶው የፈራሁት ቦታ ላይ ቆመ፤ የማን ቤት እንደሆነ ጠየቀ። ጋሼ አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት። የእናቴ ቤት መሆኑን፣ የእሱ እህት መሆኗን፣ መታመሟን ነገርኩት።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ ከነጥቡ አጠገብ ያለውን አነበበ። «ስድስት ሰዓት ተኩል» አለ። «የምሳ ሰዓታቸው ነው። ምሳቸውን የት እንደሚበሉ እኛን አያገባንም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ምሳዎን የት ነው የሚበሉት?»

እዚሁ፣ ኮምፒውተሩ ፊት፣ አልኩት። ሜትር በሜትር የምለካው ሴትዮ ሰዓቱን አላየሁም ነበር። እፍር ኩምሽሽ አልኩ።

ደብዳቤው ተሰረዘ። ከእንግዲህ ማንም መስመር እንዳያጸዳ ታዘዘ፤ መስመር ካልጸዳ ደግሞ አጽጂ አያስፈልግም። አንባቢ የጎደለበት አንድ ሰፈር ነበርና ለእኔ ተሰጠኝ፤ የእናቴ ሰፈር። ሰርተፍኬቱን የቀማኝ የለም። ራሴ አውርጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሰኞ ጂፒኤሷን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ጠማማ ግቢ ሁሉ የእኔ ሆነ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ሃያ ሦስት ቆጣሪ አንብቤ ጉልበቴ ተልፈሰፈሰ። ጋሼ ያን ዕለት እንደሚቀር ቀድሞ ነግሮኛል፣ ለእሷ ግን አልነገራትም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የእናቴን በር ገፋሁ።

«መጣህ?» አለች ከውስጥ። «ዛሬስ ውሻው ማረህ?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ማን?» አለችኝ።

በስልክ ገና «ሄሎ» ሳልል የምትለየኝ እናቴ ናት። በሩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ጂፒኤሷ በየአምስት ሰከንዱ ነጥቧን ትጥላለች። ምን ያህል እንደቆምኩ መስመሩ ላይ አለ፤ የሚያጸዳው ሰው ደግሞ የለም።