የግርማይ መርዶ

መብራት የጠፋው ሰገን የግርማይን ሞት ጽፋ እንደጨረሰች ነው።

ያጻፋት ራሱ ግርማይ ነበር። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ካረፈ ወዲህ ለቅሶ የሚነገረው በሰው በሰው ሆኖ፣ ቀብር ያመለጠው ሁሉ ዳኛውን ይወቅስ ነበር። ዳኛው ደግሞ ግርማይ ነው። ኮሚቴው መከረና ኮምፒውተር ገዛ። ሰው ሲሞት ለአባላቱ ሁሉ በስልክ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም እንድትሠራም የሰፈሩን ልጅ ሰገንን ለመነ። ዛሬ መሞከሪያው ቀን ነበር። ለሙከራው የሟች ስም አስፈለገ።

«የኔን ስም እንዳትነኪ!» አለ ንብረት ያዡ ከተማ፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ልጆች አሉኝ።»

«ታዲያ የማንን ልጻፍ? ከመዝገቡ ውስጥ ካልሆነ አይቀበልም።»

«የኔን ጻፊ» አለ ግርማይ። «ሰባን ዘለልኩ። ሞት እኔን ለማግኘት ኮምፒውተር አያስፈልገውም።»

ሰገን ሳቀች። የብዙ ሰው ስልክ የግዕዝ ፊደል ስለማያነብ አማርኛውን በላቲን ፊደል ጻፈችው፦ አቶ ግርማይ ዘርአይ ስላረፉ ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ይፈጸማል። «የምልከው ለኔና ለከተማ ስልክ ብቻ ነው» አለች። ሁለቱን ስልኮች ሳትመርጥ ክፍሉ ጨለመ።

ጠበቁ። አልመጣም። በእድሩ ደንብ የቢሮው የብረት በር ሁለት ቁልፍ አለው፤ ማንም ብቻውን እንዳይገባ አንዱ ዳኛው ጋ፣ አንዱ ንብረት ያዡ ጋ ይቀመጣል። ሁለቱም ቆለፉ። ከተማ ወደ ለገሃር ሄደ። ግርማይና ሰገን ከመስቀል ፍላወሩ ቢሮ ወደ ኦሎምፒያ አዘገሙ።

ሰገን በሥራዋ ደስ ብሏት ታወራለች። «አሁን ለምሳሌ መብራት ሲመጣ ማንም መንካት የለበትም፣ ጋሼ። ኮምፒውተሩ ራሱ ይነሳል፤ ፕሮግራሙም አብሮት ይነሳል። ፕሮግራሙ ቢወድቅ እንኳ ሌላ ፕሮግራም ጠባቂ አድርጌለታለሁ፤ እያየ መልሶ ያስነሳዋል። ማለቴ፣ መብራት ጠፋ ተብሎ ለቅሶ አይቀርም። ሳይላክ ያደረ መልእክት ካለ እንደተነሳ ለሁሉም…»

መንገዱ መሀል ቆመች።

«ለሁሉም ምን?» አለ ግርማይ።

«ይልከዋል» አለች። «ለሁሉም ይልከዋል፣ ጋሼ።»

የግርማይን አፍ የሞላው አንድ ስም ነበር። «ሀብትነሽ።»

ሚስቱ ሀብትነሽ ልቧን ታማለች። ሐኪሙ «ድንጋጤ እንዳያገኛት» ካለ ወዲህ የገዛ እኅቷን መርዶ እንኳ ያረዷት በብዙ ምክር ነው፤ ማልደው ሄደው፣ ካህን ይዘው፣ መድኃኒቷን አስውጠው። በእድሩ መዝገብ የመጀመሪያው ቤት የግርማይ ነው፤ የተጻፈውም የእሷ ስልክ ነው። ሀብትነሽ የላቲን ፊደል አታነብም። መልእክት በገባ ቁጥር ለጎረቤቷ ለእጸገነት ወስዳ ታስነብባለች። እጸገነት እሪ ካለች ደግሞ ግማሽ ካዛንቺስ ይሰማል።

ሰገን ደወለች። አይሠራም። ካዛንቺስም መብራት የለም ማለት ነው፤ መብራቱ ሲሄድ ኔትወርኩ ተከትሎት ይሄዳል።

«ገመዱን ከውጭ መቁረጥ አይቻልም?»

«ቆጣሪው እኮ ውስጥ ነው። ሌባ እንዳይነካው ብላችሁ ያስገባችሁት እናንተ ናችሁ።»

ግርማይ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረ። ደንቡን ሲያፈርስ የመጀመሪያው ነበር። «ከተማን ፈልጊው። እኔ ወደ ቤት ነኝ።»

ኦሎምፒያ ላይ የትራፊክ መብራቱ ጠፍቶ መኪናው ተቆላልፏል። ታክሲ ቢያገኝም አይንቀሳቀስም። በእግሩ ገባበት። ዐይኑ መስኮት መስኮቱን ያያል። አንድ ካፌ ውስጥ አምፖል ቦግ ብሎ አየና ቆሞ አዳመጠ። ጀነሬተር ነው፤ ኩርርር ይላል። ተመስገን አለ። እግሩን አፈጠነ።

መጋጠሚያውን ተሻግሮ ቁልቁለቱን ሲጀምር አንዲት አሮጌ ኮሮላ አጠገቡ ሲጥጥ ብላ ቆመች። የሚነዳት የጨርቅ ነጋዴው መሐመድአሚን ነው፤ የእድሩ አባል። ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ ግርማይን አፍጥጦ ያያል።

«አዑዙ ቢላህ! ጋሽ ግርማይ?»

«ምን አየህ?»

«አረፉ ይላል እኮ! አሁን፣ አሁን ገባልኝ!»

መስቀል ፍላወር መብራት መጥቷል ማለት ነው። መልእክቱ ወጥቷል።

«አልሞትኩም። በቶሎ ካዛንቺስ አድርሰኝ።»

«ሬሳ ጭኜ አላውቅም» አለ መሐመድአሚን፣ በሩን እየከፈተለት። ግርማይ የሀብትነሽን ነገር ሲነግረው ቀልዱን ተወ። ዳገቱን የወጣው እጁን ከመኪናው ጡሩንባ ሳያነሳ ነው።

ካዛንቺስ ገና ጨለማ ነበር። ሱቆቹ ሻማ ለኩሰዋል። ግርማይ መብራት በመጥፋቱ እግዜርን ሲያመሰግን የዚያን ቀን ሁለተኛው ነው። ከመኪናው ወርዶ ቅያሱን ሮጠ።

ሀብትነሽ በረንዳው ላይ በመጨረሻዋ የቀን ብርሃን ምስር ትለቅማለች። ስልኳ ጭኗ ላይ ነው።

«ምን ሆነህ ነው እንደ ሌባ የምትሮጥ?»

ትንፋሹን ሊሰበስብ ግድግዳውን ተደገፈ። የፈሩት ይደርሳል ነውና፣ አፉን ሳይከፍት የበረንዳው አምፖል በራ። የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ። ሀብትነሽ ወደ አምፖሉ አይታ ፈገግ አለች። ጥቂት ቆይቶ ስልኳ ጢጥ አለ።

«ይኸው፣ አንተ ካለህ እጸገነትን አላስቸግርም። አንብብልኝ።»

ስልኩን ተቀበለ። ላቲኑን እያንዳንዱን ፊደል እየለቀመ ያነባል፤ ይህን ግን ማንበብ አላስፈለገውም። ከአጥሩ ማዶ የእጸገነት በር ሲከፈት ሰማ። ለእሷም መልእክቱ ገብቶላታል።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃል። ስንት ቤት አርድቷል። ምስሩን ከጭኗ አነሳ፣ አጠገቧ ተቀመጠ፣ እጇን ያዘ።

«ሀብትዬ፣ የሰው ልጅ መቼም…»

ፊቷ ወዲያው አመድ መሰለ። ግራ እጇ ወደ ደረቷ ሄደ። «ማነው? ወንድሜ ነው? ንገረኝ፣ ማን ሞተ?»

ግርማይ ደነገጠ። ይሄ አነጋገር ነው የሚገድላት። ስንት ሰው ያባበለበት ወግ እሷን ሊወስድበት ነው። ወጉን ጣለው።

«እኔ ነኝ!» አለ፣ እየጮኸ። «የሞትኩት እኔ ነኝ!»

«ምን?»

«ሰገን ለሙከራ የኔን ስም ጽፋ ኮምፒውተሩ ራሱ ተነስቶ ለአገር ሁሉ ላከው። ሌላ ማንም አልሞተም። ይኸው አለሁ፤ ንኪኝ!»

ሀብትነሽ አየችው። ላቡን፣ የተፈታ የጫማ ማሰሪያውን፣ የሚዘልለውን ደረቱን። እጇ ከደረቷ ሳይወርድ ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። ሌላም ወሰደች። ቀለሟ ቀስ እያለ ተመለሰ።

«ስምህን ማን ስጥ አለህ?»

«ከተማ እምቢ አለ።»

«ከተማ እንዳንተ ሞኝ አይደለማ!»

ያን ጊዜ የእጸገነት እሪታ ከአጥሩ ማዶ ተነሳ። ሀብትነሽ ከሱ ቀድማ ቆመች።

«እጸገነት! ዝም በይ! እዚሁ ተቀምጦ ይሰደባል!»

ስልኩ እንደገና ጢጥ አለ። ያው መልእክት ነው። ቀጥሎ ጥሪ መጣ፤ ሰገን ናት፤ ታለቅሳለች።

«ጋሼ፣ ደረሱ? ከተማን አገኘሁት፣ ገባን። ግን በድንጋጤ ፕሮግራሙን ብቻ ብዘጋው ጠባቂው መልሶ አስነሳው፤ ከመዝገቡ መጀመሪያ ጀመረ። አሁን ጠባቂውን ቀድሜ አቁሜዋለሁ። በቃ፣ ጠፍቷል። እትዬስ?»

«እየሰደበችኝ ነው።»

«ተመስገን!» አለች ሰገን።

ከቅያሱ አፍ የእግር ኮቴና ለቅሶ ተሰማ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች እየመጡ ነው።

«ተነስ፣ ደጅ ውጣ» አለች ሀብትነሽ። «ሳይገቡ ይዩህ። ሌላ ልብ የሚያማት ትኖራለች።»

በርጩማውን ይዞ በሩ ላይ ተቀመጠ። ሀብትነሽ ከኋላው ቆመች። የመጀመሪያዋ አልቃሽ አየችውና ጩኸቷን ዋጠች፤ ሁለተኛዋ ግን ከበፊቱ አብልጣ ጮኸች። ግርማይ እያንዳንዳቸውን በስማቸው እየጠራ ሰላም አለ። የሀብትነሽ እጅ ትከሻው ላይ ነበር። ሁሉም እስኪያዩት አላነሳችውም።