የቱን አፉ ልበልሽ?

ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ነው የሚሉም አሉ። አንድ ጊዜ በምላሷ የተወጋ ሰው ግን ምክንያቱን ማንንም አይጠይቅም።

ከመንገዱ ዳር ባለችው ክፍሏ ውስጥ፣ ብርሃን እንዲገባላት በሩን ወለል አድርጋ፣ ማሽኗ ላይ ጎንበስ ብላ ትውላለች። ረመዳን ሊገባ ሲል ደግሞ ሴቱ ሁሉ ለተራዊህ የሌሊት ሶላት የሚለብሰው ጅልባብ ትዝ የሚለው በአንድ ቀን ነውና፣ ጨርቁ ከወለሉ እስከ መስኮቱ ተቆልሎባታል። እሷ ግን ለራሷ ተዘጋጅታለች። በሻዕባን ወር ሰኞና ሐሙስ ጾማለች። ካለፈው ዓመት የቀረባትን የጾም ዕዳ፣ ቀዳዋን፣ አውጥታለች። መስገጃዋን አጥባ አስጥታለች። ቁርአኗንም ከመደርደሪያው አውርዳ መቅራት ጀምራለች፤ አቧራ አልነበረበትም ትላለች፣ እኛም አምነናታል። የቀራት አንድ ነገር ነው፤ እሱም ልቧ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ መጥረጊያ አይደርስም።

ስልኩ ሲጮህ አፏ በስፒል ተሞልቶ ነበር። ከታናሽ እህቷ ነው። ከዚያ ቁጥር ሁለት ዓመት ሙሉ «አለሽ ወይ» የሚል እንኳ መጥቶ አያውቅም። ልቧ ድንግጥ አለ። ከፈተችው። መጀመሪያ ጨረቃ፣ ቀጥሎ ጽጌረዳ፣ ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «የተከበሩ ወዳጄ፣ አውቄም ይሁን ሳላውቅ አስቀይሜዎት ከሆነ ለአላህ ብለው አፉ ይበሉኝ። ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ መልካም ረመዳን።» ከሥሩ የአንድ ሶፋ መሸጫ አድራሻ ተለጥፎበታል።

መርፌ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች።

«እርስዎ!» አለች ለማሽኑ። «በአንድ ብርድ ልብስ ስንጓተት ያደግን፣ ዛሬ እርስዎ ሆንኩ። የሶፋ ቤቱም አስቀይሞኝ ኖሯል፤ እሱም እየለመነኝ ነው።»

አንድ ቃል ጽፋ ላከች። «የቱን?»

መልሱ ወዲያው መጣ። የተጋጠሙ ሁለት መዳፎች። ሌላ ምንም የለም።

«የቱን» ያለችው ለነገር ፍለጋ አይደለም፤ ነገሩ አለ። እናታቸው በሞቱ በዓመቱ አንድ የዘመድ ሰርግ ነበር። ታናሽየዋ ሴቶቹ መካከል ተቀምጣ፣ «እህቴ እኮ ከሰው ቀሚስ ላይ ለራሷ ሻርፕ ታወጣለች፤ ጨርቅ እሷ ቤት ሙሉ ገብቶ ሙሉ አይወጣም» ብላ አሳቀቻቸው። ሳቁ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ቀረ፤ ወሬው ግን ከሴቶቹ ጋር ወደየቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መርፌ መቀስ ባነሳች ቁጥር ደንበኛ ትከሻዋ ላይ ይቆማል። ቁራጭ ጨርቅ ሁሉ እንደ አደራ በፌስታል እየታሰረ ለባለቤቱ ይመለሳል። ታችኛው መሳቢያ ብቻ ሲከፈት ማንም አይቶ አያውቅም፤ ስለ እሱም ብዙ ተብሏል።

ታናሽየዋም በበኩሏ ያጣችው አለ። እንቅልፏ እንደ ድንጋይ ነው። ለሱሁር፣ ከጎህ በፊት ለሚበላው ምግብ፣ የምትቀሰቅሳት እህቷ ነበረች፤ ስልኩን ሳትታክት እየደጋገመች፣ «ተነሺ አንቺ ሬሳ!» እያለች። ከተኳረፉ ወዲህ ባለፈው ረመዳን ስንቱን ቀን ያለ ሱሁር እንደጾመች ታላቅ ወንድማቸው እየሳቀ ያወራል።

ያ ወንድም የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በነጋታው ከመንገድ ላይ ደወለ።

«አንቺ፣ ምን ሆነሻል? ልጅቷ አፉ በይኝ ብላ ለመነችሽ አይደል?»

«የለመነኝ የሶፋ ቤቱ ነው።»

«ጨረቃ ልትወጣ ነው እኮ!»

«ትውጣ፤ እኔ ይዣታለሁ እንዴ?»

«ቂም ይዘሽ ጾም ልትገቢ ነው?»

«ውሸት ይዤ አልገባም። ምላሴ ‹ብያለሁ› ሲል ልቤ ‹አላልኩም› ካለ ማንን ላታልል ነው? አንተን እንደሆነ አታልልሃለሁ፤ ድሮም ቂል ነህ። እሱን ግን…» በመቀሱ ወደ ላይ አመለከተች፤ ወንድሟ በስልክ እንደማያያት ረስታ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሴቶችን ቁርአን የምታስቀራው ኡስታዛ ጅልባቧን ልትለካ መጣች። ወሬው ቀድሟት ደርሷል። መርፌ ሜትሩን ትከሻዋ ላይ እያደረገች፣ «አንቺም ልትመክሪኝ ከሆነ እጅሽን ዘርጊና እየለካሁሽ ምከሪኝ» አለቻት።

ኡስታዛዋ ሳቀች። «አልመክርሽም። የቱን ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው፤ ብትመጣ በሩ ክፍት ነው?»

«ይኸው ወለል ብሏል፤ አታዪውም?»

«ይሄኛውንማ አየሁት» አለች ኡስታዛዋ።

መርፌ ያን ቀን አንድ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስባት አይተን አናውቅም።

ማታ ጨረቃ ትታያለች አትታይም የተባለበት ቀን ደረሰ። የአስር ሶላት ተሰግዶ ቤቱ በሴት ተሞልቷል። አንዲት ፍራፍሬ ነጋዴ ደንበኛዋ እንደ ልማዷ ከመርፌ ኋላ ቆማ፣ ጨርቋ ሲቆረጥ ዓይኗን ሳታርገበግብ ትጠብቃለች። ታናሽየዋ በዚህ መሃል ገባች። ከምትሠራበት ፋርማሲ ቀጥታ የመጣች ናት፤ ነጩን ጋዋን እንኳ አላወለቀችም። በእጇ አንድ እሽግ ተምር ይዛለች።

«እቴቴ፣ አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም።» መቀሱን አላስቀመጠችም።

«አፉ በይኝ።»

«የቱን?»

«ኧረ በአላህ! ሁሉንም።»

«ሁሉንም የሚባል ቀዳዳ የለም። የተቀደደውን አሳዪኝና ልጥቀመው።»

«እሺ… ሰው ይውጣና፣ ብቻችንን ሆነን…»

«ስትናገሪው ብቻሽን ነበርሽ?»

ፍራፍሬ ነጋዴዋ ወደ መንገዱ የምታይ መሰለች፤ ጆሮዋ ግን ቤት ውስጥ ነበር። ታናሽየዋ ተምሩን ማሽኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። የጋዋኗን ቁልፍ ፈታች፤ መልሳ ቆለፈች።

«ሰርጉ ላይ» አለች፣ «እህቴ የሰው ጨርቅ ትቆርጣለች ብያለሁ። ውሸት ነው። አንድ ቀን እንኳ አይቼሽ አላውቅም። ሴቶቹ ሲስቁልኝ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ሌላ ቦታም ደገምኩት።»

መደገሙን መርፌ አታውቅም ነበር፤ አልጠየቀቻትምም። መቀሱን አስቀመጠች።

«አፉ ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ» አለች። ቃሉ ከአፏ ብቻ አለመውጣቱን ልታረጋግጥ ትንሽ ጠበቀች። ልቧ አልተቃወመም።

ፍራፍሬ ነጋዴዋ እንደ መደንገጥ ብላ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። መቀስና ጨርቅ ያለ ዘበኛ ሲቀሩ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው!

«አንቺስ?» አለች ታናሽየዋ ዓይኗን እየጠረገች። «አፉ በይኝ አትይኝም?»

«እንዴታ! አውቄም ይሁን ሳላውቅ…»

«ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ በይበት እንጂ!» ሴቶቹ ሳቁ። ታናሽየዋ እጇን አጣመረች። «የቱን፣ እቴቴ?»

መርፌ «የለኝም» ማለት ትችል ነበር። ስሟ የጠራው አሁን ነው፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ እዚያ ላይ ብታቆም ማን ይጠይቃታል? እሷ ግን ጎንበስ ብላ ታችኛውን መሳቢያ ሳበች። እንጨቱ ነክሶ ይዞ ነበርና በሁለት እጇ ታገለችው። ጠርዙ የሳሳ አረንጓዴ ሻርፕ አወጣች።

«የእማዬ ነው። ከሌላው ልብሷ ጋር ለሰደቃ ሄዷል ብዬሽ ነበር። አልሄደም። አንቺ እንዳትወስጂብኝ ደብቄው ነው። አፉ በይኝ።»

ታናሽየዋ ሻርፑን ነጥቃ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው።

«ስንት ጊዜ ጠየቅኩሽ? ጠረኗን ልረሳው ነው ብዬ ፊትሽ አላለቀስኩም?»

«አልቅሰሻል።»

«አልልሽም!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «አሁን አፉ አልልሽም። እኔስ በውሸት ጾም ልግባ እንዴ? አንቺ ሁለት ዓመት ወስደሻል።»

«ውሰጂ» አለች መርፌ። «የፈለግሽውን ያህል ውሰጂ።»

ሻርፑን ይዛ ወጣች። በሩን እንዳለፈች ተመለሰች፤ ሴቶቹ እህቷን ልታቅፍ መስሏቸው ተንፈስ አሉ። ተምሯን አንስታ ሄደች።

ፍራፍሬ ነጋዴዋ አንዴ መሳቢያውን፣ አንዴ ጨርቋን አየች። «እኔ እንግዲህ… ቁራጬን ግን አትርሺ» አለች። ከወንበሩ ግን አልተነሳችም።

የመግሪብ ሶላት ተሰግዶ ብዙም ሳይቆይ መንገዱ በጩኸት ተሞላ፤ ጨረቃ ታይታለች። ስልኩ በጽጌረዳና በጨረቃ ተጥለቀለቀ። መርፌ አንዱንም አልከፈተችም፤ ባዶውን መሳቢያ ከፍታ ትጠርግ ነበር። በመጨረሻ አንድ አበባ የሌለው መጣ።

«አንቺ መርፌ። ሻርፑን ተከናንቤ ነው የምጽፍልሽ። መደበቅሽን አፉ ብያለሁ፤ ንዴቱ ግን ነገም አለ፣ እንድታውቂው። እንቅልፌን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ለሱሁር ቀስቅሺኝ።»

መርፌ ደጋግማ አነበበችው። «እርስዎ» የሚል አንድም ቦታ የለበትም። ከዚያ ጣቶቿን አፍታትታ መለሰችላት።

«በመጀመሪያው ጥሪ ካልተነሳሽ ግን አፉ አልልሽም።»