የሚጡ ጥምቀት

ሰው ሁሉ እትዬ ካውያ ይላቸዋል። በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆመው አንሶላ ሲተኩሱ ኖረዋል። «እሳቸው የተኮሱት አንሶላ ላይ ዝንብ ብታርፍ ተንሸራታ ትወድቃለች» እያሉ የሥራ ባልደረቦቻቸው ይቀልዳሉ፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ባላቸው የሞቱት ልጃቸው ገና አራት ዓመት ሳይሞላው ነበር። ያንን አንድ ልጅ በዚያው ካውያ አሳድገው፣ አስተምረው፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ለመሆን አበቁት።

አጥባቂ ካቶሊክ ናቸው። መቁጠሪያቸው ከሽርጣቸው ኪስ አይለይም። ልጃቸው ግን የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት የሆነች ፕሮቴስታንት ወደደ፣ አገባት፣ ውሎ አድሮም ከእሷ ጋር ጸሎት ቤቷ መሄድ ጀመረ። እትዬ ካውያ ሦስት ወር አኮረፉ። ኋላ ግን «እሱን ካጣሁ ማን ቀረኝ?» ብለው ኩርፊያቸውን ዋጡት። ደግሞም ምራታቸው ክፉ አልነበረችም። «እማማ» እያለች ታከብራቸዋለች፤ ቆመው ውለው እግራቸው ሲያብጥ ወንበር ስባ ከፍ አድርገው እንዲያስቀምጡት ታደርጋለች። ሁለቱ ስለ ሃይማኖት ብቻ አይነጋገሩም።

ሚጡ ስትወለድ ግን ዝም ማለት አልተቻለም። በሳምንቱ እትዬ ካውያ «መቼ ነው የምትጠመቀው?» ብለው ጠየቁ።

ምራታቸው ፈገግ ብላ «አድጋ፣ አምና፣ ራሷ ስትወስን ነው፣ እማማ» አለች።

በሁለተኛው ሳምንት ጠየቁ፤ መልሱ ያው ነበር። በሦስተኛው ልጃቸው ጣልቃ ገብቶ «እማዬ፣ ተይው በቃ» አላቸው። ተዉት። ከአፋቸው ተዉት እንጂ ከልባቸው አልተዉትም።

ምክንያታቸውን ለማንም ተናግረው አያውቁም። ሾፌሩ የመጀመሪያ ልጃቸው አይደለም። ከሱ በፊት የወለዷት ሴት ልጅ በሦስተኛው ቀን ሞታባቸዋለች፤ ሳትጠመቅ፣ ስም እንኳ ሳይወጣላት። አንዲት ጎረቤት «ያልተጠመቀች ነፍስ የፈጣሪን ፊት አታይም» አለቻቸው። ሬሳዋም ከቤተ ክርስቲያኑ መቃብር አጥር ውጭ ተቀበረ። እትዬ ካውያ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺ ልጅ የት እንዳለች ሳያውቁ ኖረዋል።

ሚጡ አምስት ሳምንት ሲሆናት የሳንባ ምች ያዛትና ሆስፒታል ገባች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐኪሙ «የምንችለውን እያደረግን ነው። የዛሬዋን ቀን ካለፈች ተስፋ አለ» አላቸው። «ካለፈች» የምትለዋ ቃል ብቻ እትዬ ካውያ ጆሮ ውስጥ ቀረች።

ኮሪደሩ ላይ ከጸሎት ቤት የመጡ ሰዎች ክብ ሠርተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጸልያሉ። እሳቸው ጥግ ይዘው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። አንዲት ነርስ ብቅ አለችና «እባካችሁ፣ እግዜር ጆሮው ደህና ነው፤ ሕፃናቱ ይተኙበት!» አለች። እትዬ ካውያን በዚያ ጭንቀት መሃል ሳቅ አመለጣቸው። ምራታቸው ከሕፃናቱ ክፍል በበሩ መስታወት ሲስቁ አየቻቸው። በማን እንደሳቁ አልጠየቀችም፤ ግን ያዘችባቸው።

ቀትር ላይ ሆስፒታሉ ውስጥ ያልተገኘ መድኃኒት ታዘዘ። ልጃቸው ሥራ ላይ ስለነበር ምራታቸው ወረቀቱን ይዛ ተነሣች። «እማማ፣ ቶሎ እመለሳለሁ፤ ዓይንዎን ከእሷ እንዳይነቅሉ» አለቻቸው።

አልነቀሉም። የሕፃኗ ደረት ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ይነሣል፤ ከዚያ ጥቂት ይቆይና እንደገና ይነሣል። ከንፈሯ ጠቁሯል። ከፔርሙሳቸው ለብ ያለ ውሃ በክዳኑ ቀዱ፤ እንዳያቃጥላት፣ እንዳይበርዳትም በእጃቸው አንጓ ሞከሩት። ኮፍያዋን ገለጥ አድርገው ሦስት ጊዜ ጠብ አደረጉባት። «በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ለራሳቸውም አልተሰማቸውም። በመሐረባቸው ጠራርገው ኮፍያዋን መለሱ። ከአጠገባቸው ባለው አልጋ ልጇን ታቅፋ የተቀመጠችው እናት እንቅልፍ ጥሏት ነበር። ማንም አላየም። ብዙ ዓመት የተጫናቸው ነገር ከደረታቸው ላይ የተነሣላቸው መሰላቸው።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የሚጡ ትንፋሽ ተቋረጠ። ሐኪሞቹ ተሯሩጠው ከማሽን ጋር አያያዟት። ዘጠኝ ቀን እንደዚያ ቆየች። በአሥረኛው ቀን አለቀሰች፤ እንዲህ ዓይነት ደስ የሚል ልቅሶ በዚያ ክፍል ተሰምቶ አያውቅም።

ምራታቸው ጸሎት ቤቷ ውስጥ መድረክ ላይ ወጥታ ልጇ በጸሎት መዳኗን መሰከረች። እትዬ ካውያ ይህን ሲሰሙ በልባቸው «ጥምቀቱ ነው እንጂ» አሉ። ሐኪሙ ቢጠየቅ መርፌው ነው ይል ነበር።

ነገሩን በዚያው ውጠውት ቢቀሩ ኖሮ ማንም ባላወቀ። ነገር ግን አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብራቸው ካህን አባ የልጅ ልጃቸውን ጤንነት ሲጠይቋቸው ደስታው ከአፋቸው አመለጠ። አባ መዝገቡን አውጥተው «በጭንቅ ጊዜ የተፈጸመ ጥምቀት መመዝገብ አለበት፤ ሥርዓት ነው» አሉ። ብዕራቸውን አንሥተውም «ወላጆቿ ያውቃሉ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ያውቃሉ፣ አባ» አሉ እትዬ ካውያ። ውሸቷ እንዴት ቀልላ እንደወጣች ራሳቸውም ገረማቸው።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በፊት እትዬ ካውያ በእንፋሎት መሃል አንሶላ ሲዘረጉ፣ ልጃቸው የሾፌር ልብሱን እንደለበሰ የማጠቢያው ክፍል በር ላይ ቆሞ አዩት። በሥራ ሰዓት መጥቶ አያውቅም።

«ሚጡ ናት?» አሉ፤ ካውያው ከእጃቸው ሊወድቅ።

«ሚጡ ደህና ናት። እማዬ፣ ምንድነው ያደረግሽው?»

አባ ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ተሳፍረው ኖሯል። ሾፌሩን ሲያዩት በሰው ሁሉ ፊት «ለልጅህ ጥምቀት እንኳን ደስ ያለህ! እናትህ አስመዝግባታለች» አሉት። እሱ ፍሬን የያዘው ፌርማታውን አልፎ ነበር።

«ለሚስትህ ነገርካት?»

«ምን ላድርግ? ከሰው አፍ ከምትሰማው ብዬ በስልክ ነገርኳት።»

ማታ ተያይዘው ሄዱ። ምራታቸው ሳሎን ውስጥ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ሚጡ ትከሻዋ ላይ ተኝታለች።

«እማማ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ልጄ።»

«መቼ?»

«መድኃኒት ልትገዢ የወጣሽ ቀን።»

ምራታቸው ዓይኗን ጨፈነች። «ትንፋሿ የተቋረጠ ቀን። ኮፍያዋ እርጥብ ነበር። እኔ ላብ መስሎኝ…»

«ሦስት ጠብታ ነው፣ ልጄ፤ ለብ ያለ ውሃ ነው…»

«ሳንባዋ የታመመ ሕፃን ራስ ላይ ውሃ አፈሰሱ!»

ባሏ «ኧረ ሐኪሙ እኮ በሽታው…» ብሎ ሲጀምር «አንተ ዝም በል!» አለችው። ከዚያ ወደ አማቷ ዞረች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ውሃውስ ይቅር። ልጄ ብትሞት ሲኦል ትገባለች ብለሽ ነው፣ አይደል? አምስት ሳምንቷ ነበር። ከጡት በቀር ምንም አታውቅም። እሷን እግዚአብሔር ይጥላታል ብለሽ ነው የምታምኚው? እኛ ስንጸልይ የምትስቂውም ለዚህ ነው?»

በትዳሩ አራት ዓመት ውስጥ አማቷን «አንቺ» ስትል የመጀመሪያዋ ነበር።

እትዬ ካውያ ስለዚያች ስም ስላልነበራት ልጅ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ምን ብለው? ቢናገሩ «አዎ፣ የራሴንም ልጅ ጥሏታል ብዬ ነው የኖርኩት» ማለት ሊሆንባቸው ነው። አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ምራታቸው ዝምታቸውን እንደ መልስ ወሰደችው።

«የልጄ ስም ከዚያ መዝገብ ሳይፋቅ ይህን ደጅ እንዳትረግጪ» አለች።

በነጋታው አባ ቢሮ ሄደው ለመኑ። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥምቀት አይፋቅም። ቀለሙን ብንፍቀው እንኳ የሆነው ሆኗል። ደግሞ ወላጆቿ ያውቃሉ አላሉኝም ነበር?»

እትዬ ካውያ አንገታቸውን ደፉ። «ዋሽቻለሁ፣ አባ። ሳትጠመቅ ሞታ እንዳትጠፋብኝ ፈርቼ ነው።»

አባ ለዘብ አሉ። «ይህን ማን ነገረዎት? ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናትን ለእግዚአብሔር ምሕረት አደራ እንሰጣለን እንጂ ጠፉ አንልም።»

«አንልም?»

«አንልም።»

«ታዲያ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ስመላለስ ለምን አንድ ሰው አልነገረኝም?»

አባ ግራ ገብቷቸው ሊጠይቋቸው ሲሉ ደጅ ላይ ሰው ጠራቸውና «መጣሁ፣ ይቀመጡ» ብለው ወጡ። መዝገቡ የሚጡ ስም ያለበት ገጽ ላይ እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እትዬ ካውያ በዚያች ደቂቃ ምን እንዳሰቡ ኋላም ሲጠየቁ መናገር አልቻሉም። ገጿን በግራ እጃቸው ያዙ፣ በቀኛቸው ከሥሯ ጀምረው ቀጥ አድርገው ቀደዷት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። መንገዱን እንዴት እንደጨረሱት አያውቁም።

ምራታቸው በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። ወረቀቷን ዘረጉላት። «ይኸው። ፍቀሽ ነይ ብለሽ የለ?»

ተቀብላ አነበበች። ገጿ ላይ የሚጡ ስም ብቻ አልነበረም፤ የአሥራ አንድ ሕፃናት ስም፣ ከነአባትና እናታቸው፣ ከነክርስትና እናታቸው ተጽፏል። ጣቷ አንዱ መስመር ላይ ቆመ።

«ይቺ እኮ ተማሪዬ ናት» አለች ቀስ ብላ። «የእሷን ስም ለምን ቀደዱት? የእነዚህን ሁሉ?»

ምራታቸው አሁን አልተቆጣችም፤ ፈርታለች። እብድ ደጇ እንደቆመባት ሰው ነበር የምታያቸው።

«ይሂዱ፣ እማማ» አለች። አክብሮቱ ተመልሶ ነበር፤ ከስድብ ይልቅ ያ ቆረጣቸው። በሩ ተዘጋ።

ገጿን ለአባ የመለሰው ልጃቸው ነው። አባ በሙጫ ለጥፈው መዝገቡ ውስጥ መለሷት፣ «ለንስሐ ይምጡ» ብለውም ላኩባቸው። አልሄዱም። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ይመጣሉ፤ ሰው ለቁርባን ሲሰለፍ እሳቸው የኋላው ወንበር ላይ ይቀራሉ። ሥራ ቦታም ሳቃቸው ጠፋ። ሁለት አንሶላ አቃጠሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዝንቧ የሚቀልድ ሰው አልተገኘም። አምስት ወር ሚጡን አላዩም። ጥርስ ማውጣቷን የሰሙት በስልክ ነው።

በስድስተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ በልጃቸው አውቶቡስ ተሳፍረው እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄዱ። ሰዉ ሁሉ ከወረደ በኋላ ከኋላው ተቀምጠው እህት እንደነበረችው ነገሩት፤ የተቀበረችበትን፣ ጎረቤታቸው ያለቻቸውን፣ አባ ያሏቸውንም። ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ ፊቱን ሳያዞር ሰማ። «እማዬ፣ ይህን ያኔ ብትናገሪ ኖሮ» አለ በመጨረሻ።

«አልወጣ አለኝ» አሉ።

ለሚስቱ ነገራት። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ይምጡ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ እኔ ባለሁበት። ማጠብ የለም፣ ብቻዋን መያዝ የለም» አለች።

እትዬ ካውያ «እሺ» አሉ። ከዚህም የባሰ ቢባሉ እሺ ይሉ ነበር።

በመጀመሪያው ሐሙስ ምራታቸው በሩን ከፍታ ቦርሳቸውን ተቀበለቻቸውና ከጫማው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ሚጡ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የፕላስቲክ ማንኪያ ታኝካለች። እትዬ ካውያ ከሩቅ እጃቸውን ዘረጉላት። ልጅቱ አየቻቸው፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። እናቷ ብድግ አደረገቻት። ሚጡ ፊቷን እናቷ አንገት ውስጥ ቀብራ አልወጣ አለች።

«ሰው መፍራት ጀምራለች» አለች ምራት።

«ልክ ናት» አሉ እትዬ ካውያ። «አታውቀኝም።»

ምራታቸው ልጅቱን ወዲያ ወዲህ እያለች ስታባብል ከቆየች በኋላ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳደረገች «ሲኦል ትገባለች ብለው ነበር ግን?» ስትል ጠየቀች።

«ላጣት ነው ብዬ ነበር» አሉ። «ሌላውን አላውቅም። ከመሞቷም በላይ የት እንዳለች አለማወቁ ነው የሚገድለው።»

ምራታቸው ይቅር ያለችም፣ ያላለችም አትመስልም። ሰዓቱ ሲደርስ ቦርሳውን አነሣችና አቀበለቻቸው።

«ለሐሙስ ልምጣ?» አሉ እትዬ ካውያ በሩ ላይ።

«ይምጡ» አለች፤ ሚጡ ደግሞ ገና እየነፈረቀች ነበር።