ትከሻዋ ላይ የቀረው ክር

ይችን ምላሴን ምነው በቆረጣት! ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መቀስ ይዤ አንድ ሰው አላቆሰልኩም። ያቆሰልኩት በአፌ ነው፤ ያውም የገዛ እህቴን።

ታናሼ አዋላጅ ናት። የሰፈራችን ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል በወሩ መጨረሻ እንዲዘጋ ተወስኗል። ሌላው ማዋለጃ የሁለት ሰዓት መንገድ ያስኬዳል፤ በዚያ መንገድ ላይ ስንት እናት ልትቀር እንደምትችል እሷ ታውቀዋለች። ለከተማው ምክር ቤት የተወዳደረችው ይህን ለማስቆም እንጂ ወንበር አምሯት አይደለም።

የቴሌቪዥን ክርክሩ ዕለት ሰው አዋልዳ እየሮጠች ሱቄ ገባች። ቀሚሷ ገና አላለቀም፤ ትከሻው ለጊዜው በነጭ ክር ነበር የተያያዘው። እዚያው አቁሜ በደንብ ሰፋሁላት። ነጩ ክር የሚመዘዘው መጨረሻ ላይ ነው፣ ልብሱ ተተኩሶ ሲያበቃ። ካውያው ሳይሞቅ ሊወስዳት የመጣው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ልጅቷም ወጣች፣ ክሩም አብሯት ወጣ።

ክርክሩን ከጎረቤቶቼ ጋር ሱቄ ውስጥ ሆነን አየነው። ገና ብቅ ስትል ያ ጉድ ግራ ትከሻዋ ላይ ተጋድሟል።

በማግስቱ ጋዜጣው ፎቶዋን በትልቁ አወጣው፤ ክሩን በቀይ ከብቦ። ሬዲዮኑ ክሩን ሲጨርስ ወደ ፀጉሯ ተሻገረ፣ ከፀጉሯ ወደ ክሳቷ፣ ከዚያ ደግሞ እስካሁን ለምን እንዳላገባች። አብረዋት የተከራከሩት አራት ወንዶች ናቸው። የአንደኛው የሸሚዝ ቁልፍ በቦርጩ ተበጥሶ ካናቴራው ይታይ ነበር፤ እሱን «የካበተ ልምድ ያላቸው» አሉት። ቆሽቴ አረረ።

ጋዜጠኛዋ የደወለችልኝ ይኼኔ ነው። አንደበቷ ማር ነው፤ እትዬ፣ እትዬ እያለች ቀሚሱን የሰፋሁት እኔ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። እኔ ሞኟ ሙያዬ ተነካ ብዬ ተንገበገብኩ። ስፌቱ እንከን እንደሌለው፣ ክሩን ለመምዘዝ አንድ ደቂቃ እንደሚበቃ፣ እህቴ ግን ለልክ ሁለቴ ቀጥሬያት እንደቀረች ሩብ ሰዓት ለፈለፍኩላት። ሁለቴም የቀረችው ምጥ የያዛት ሴት ትታ መምጣት ስላልቻለች ነው። ይህን አልተናገርኩም። ስለ ማዋለጃውም አንዲት ቃል አልወጣኝም። በነጋታው «ቀጠሮ አታከብርም፦ የገዛ እህቷ» የሚል ርዕስ ወጣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እንግዲህ እኔ ምኑን ልሸው?

ምርጫው አምስት ቀን ሲቀረው እህቴ ሱቄ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ቤት ለቤት እየዞረች ስትቀሰቅስ የሰነበተች ሲሆን፣ በእጇ ያዋለደቻቸው ሴቶች ሳይቀሩ የሚያነሱባት ክሩን ነው። አንዷማ እየሳቀች መርፌ ሰጥታታለች። ጉልበቷ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅ ስል በእጇ ከለከለችኝ።

«ክሩን ተዪው» አለችኝ። «ስለ ማዋለጃው አሥራ ሁለት ደቂቃ ተናግሬያለሁ። ምን እንዳልኩ የሚያስታውስ አንድ ሰው አጣሁ። አንቺስ? ምን አልኩ?»

ክርክሩን ዓይኔን ሳልነቅል ነው ያየሁት። ስትተነፍስ ክሩ ከፍ ዝቅ ሲል፣ እጇን ስታነሳ ስፌቱ ሲጎተት፣ አንድም አላመለጠኝም። ከተናገረችው ግን ፈልጌ ፈልጌ አንዲት ነገር አጣሁ። ልዋሻት አሰብኩ፤ ምን ብዬ እንደምዋሻት እንኳ አላወቅኩም።

«ትከሻሽን ነበር የማየው» አልኳት።

አልተቆጣችም። ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ በወደድኩ። ቦርሳዋን አንስታ፣ የምትጠብቃት ወላድ አለች ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከዚያ ቀን ወዲያ አንድም በር አላንኳኳችም። ማዋለጃው በወሩ መጨረሻ ተዘጋ።