ከእልልታው በኋላ

አዴ ለጢፋ ምጥ የያዛትን ሴት ከኋላዋ ሆና በብብቷ ስትደግፋት እጇ አይንቀጠቀጥም። የሚንቀጠቀጠው ጉልበቷ ነው፤ እሱንም ረጅሙ ቀሚሷ ይሸፍንላታል። ከሰቃ ከተማ ወዲያ ባሉት የቡና መንደሮች ግን የሚወራው ሌላ ነው። «አዴ ለጢፋ አጠገብሽ ካለች ምን ያስፈራሻል?» ይባባላሉ ሴቶቹ።

ድሮ ራሷ አዋላጅ ነበረች። ቀበሌው ሰው ሰብስቦ «ከእንግዲህ ቤት ውስጥ መውለድ ቀርቷል፤ የልምድ አዋላጅም ቀርታለች» ያለ ቀን፣ ሌሎቹ አዋላጆች አኩርፈው ከስብሰባው ሲወጡ እሷ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ቀረች። ያየ ሁሉ ያዘነች መስሎት ነበር። እሷ ግን በሆዷ «አልሐምዱሊላህ» እያለች ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቷ ድረስ መጥታ፣ «አዴ፣ ማዋለዱን ተዉት እንጂ እናቶቹን አይተዉ። ጤና ጣቢያ ይዘዋቸው ይምጡ፤ አብረው ገብተው ያበረታቷቸው» ስትላት ሳታንገራግር እሺ አለች። ልጁን የሚቀበል ሌላ እጅ አለ። ደሙን የሚያይ ሌላ ዐይን አለ። የእሷ ድርሻ ወገብ ማሸት፣ ትንፋሽ ማስያዝ፣ «ጀባዱ፣ በርቺ ልጄ» ማለት ብቻ ሆነ።

በ2005 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ የቡናው ለቀማ በደራበት ሰሞን፣ ባለሱቋ ወይዘሮ አሰገደች በጠዋት በሯን አንኳኳች። ልጇ ተክለጻድቅ ቡና አስጭኖ ጅማ ከሄደ ሁለት ቀኑ ነው። ሚስቱ እታገኝ ግን መውለጃዋ ደርሶ እቤት ነበረች።

«ነይማ» አለች አሰገደች በሹክሹክታ፤ «ያቺን ልጅ ሆዷን ቆረጣት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዶሮ ከጮኸ ጀምሮ።»

«እና እስካሁን ዝም አልሽ?»

«ቀስ በዪ! የምጥ ወሬ የሰማው ሰው በበዛ ቁጥር ምጡ ይረዝማል። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ቁርጠት ነው ብያለሁ። አንቺም ቁርጠት ነው በዪ።»

«እሺ። ይኼ ቁርጠት ዛሬ እጅና እግር አውጥቶ ሲያለቅስ ግን ምን ልትዪ ነው?» አለች ለጢፋ ሻርፗን እያጠለቀች።

እታገኝ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። ባጃጁ ውስጥ የለጢፋን አንጓ እንደ ገመድ ጨምድዳ ያዘች።

«አዴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እሞታለሁ?»

«ማል! ምን አልሽ? ዛሬ እኮ የገበያ ቀን ነው። በገበያ ቀን ማን ይሞታል? ቀባሪም አይገኝ።»

እታገኝ ምጧ መሀል ሳቀች። ለጢፋ አልሳቀችም፤ ጉልበቶቿን በክርኗ ተጭና ወደ መንገዱ ታይ ነበር።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ተረኛው ሬድዋን ነበር፤ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ወጣት አዋላጅ። እታገኝ በሩ ላይ ስታየው እግሯ ተተከለ።

«ወንድ ነው!»

«እኔም አልተዋጠልኝም» አለች አሰገደች።

«እመለሳለሁ። መንገድ ላይ እወልዳለሁ።»

ሬድዋን ለምዶታል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ጠበቀ። ለጢፋ የልጅቱን ጉንጮች በሁለት እጇ ያዘቻቸው።

«ስሚኝ። ከራስጌሽ እኔ ነኝ ያለሁት። አንቺ የኔን ፊት እዪ፤ እሱ በግርጌ ሥራውን ይሥራ። ሕፃኑ እንደሆነ ወንድ ይቀበለኝ ሴት ትቀበለኝ ብሎ አይመርጥም።»

እታገኝ ዐይኗን ጨፍና ገባች። ሬድዋን ለጢፋን በሩ ላይ አስቁሞ ሁልጊዜ የሚላትን አላት።

«አዴ፣ እንደተነጋገርነው ነው። እጅዎ ከወገቧ በላይ ብቻ።»

«ከወገብ በላይ» አለች ለጢፋም፤ እንደ መሐላ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። ምጡ ሲለቃት ለጢፋ ክንዷን ይዛ ግቢውን አዞረቻት። ሲመጣባት አቅፋ በጉልበቷ አንበረከከቻት፤ ወገቧን በቅቤ አሸቻት። «ትንፋሽሽን አትያዢ። እንደ ትኩስ አጥሚት እፍ በዪው። እፍ… እንደገና እፍ…» እያለች አብራት ተነፈሰች።

«አልችልም! አዴ፣ አልችልም!»

«እየቻልሽ እኮ ነው አልችልም የምትዪው።»

«እማዬን ጥሩልኝ!»

«እናትሽ አጋሮ ናት። እስክትመጣ እኔን እናቴ በዪኝ፤ ስትመጣ ትሽሪኛለሽ።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሴት ልጅ ተወለደች። ለቅሶዋ ከኮሪደሩ ሲሰማ አሰገደች ውጭ ሆና እልልታዋን አቀለጠችው፤ እየሮጠች ገብታም የምራቷን ግንባር ሳመች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ! እንኳን ማረችሽ የኔ ልጅ!» ሬድዋን ጭኗ ላይ መርፌ ወጋት፣ እንግዴ ልጁ ሲወጣ ገልብጦ አየው፣ ሆዷን ጫን ጫን አደረገ፣ «ደህና ናት» አለ። ወዲያው ከጎን ክፍል የሌላ ወላድ ጩኸት ተሰማ። በዚያ ቀን ብቻውን ነበር፤ እጁን ታጥቦ ወደዚያ ሄደ።

የለጢፋ ፍርሃት ደንበኛው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሌሎች ሴቶች ምጡን ይፈራሉ፤ እሷ እልልታውን።

የእህቷን ልጅ ሙናን በገዛ ቤቷ ያዋለደቻት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ያኔም ልጅ በሰላም ወጥቶ እልል ተብሏል። ያኔም ሴቶቹ ተቃቅፈዋል። ከዚያ ደሙ መጣ። ትልልቆቹ ሴቶች «ክፉ ደም ነው፤ ይውጣላት። ካልወጣ ራሷ ላይ ይወጣል» አሉ። ለጢፋም ከእናቷ የተማረችው እሱኑ ነበርና «ይውጣላት» ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። ሙና አዛጋች። ውሃ ጠየቀች። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ሞተች። «የአላህ ሥራ ነው» አሉ ሁሉም፤ እህቷም ጭምር። አንድም ሰው አልወቀሳትም። ሰው ቢወቅሳት ኖሮ ተከራክራ ይወጣላት ነበር። ወቃሽ ስላጣች ከራሷ ጋር ብቻዋን ቀረች።

አሁን አሰገደች በግርጌ በኩል ተቀምጣ እጇን ጋቢው ሥር እያስገባች ጨርቅ ትቀይራለች። ለጢፋ ከራስጌ ሆና ጋቢውን እንጂ ሌላ ማየት አልቻለችም።

«እንዴት ነው የሚፈሳት?»

«እንደ ሴት ነው። እንዴት እንዲሆን ፈለግሽ?»

«ብዙ ነው?»

«አይ ለጢፋ! ልጅቱን አታስደንግጪብኝ።»

ለጢፋ ጥቂት ታገሠች። ከዚያ ተነሥታ ጎን ክፍል በር ላይ ሆና ሬድዋንን ጠራችው። ጓንቱን እየቀየረ መጣ፤ ጋቢውን ገለጥ አደረገ። አሁን የተነጠፈው ጨርቅ ላይ ያለው ደም የእጅ መዳፍ ያህል ነው።

«ስንት ጨርቅ ቀየራችሁ?»

«ይኸው እሱ ብቻ ነው» አለች አሰገደች ዐይኗን ሳታሽ።

ሬድዋን ሆዷን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ከወዲያ «እየመጣ ነው! ድረሱልኝ!» የሚል ጩኸት መጣ። «አዴ፣ ደህና ናት፤ መጣሁ» ብሎ ሮጠ።

አሰገደች ከንፈሯን መጠጠች። «አንቺ ሴትዮ፣ ሥራውን ከወሰዱብሽ ወዲህ ፈሪ ወጣሽ። ያንን ልጅ በከንቱ አመላለስሽው።»

ለጢፋ ፊቷ ጋለ። ተመልሳ ተቀመጠች። ምናልባት እውነቷን ነው፤ ምናልባት ሙና ናት በየአልጋው ላይ የምትታየኝ ብላ አሰበች። የእታገኝን ፀጉር ከግንባሯ ላይ መለስ ስታደርግ እጇ ረጠበ። ላቡ ቀዝቃዛ ነው።

እታገኝ አዛጋች።

ለጢፋ ጠበቀች። ልጅቱ ደክሟታል፤ የደከመው ሰው ያዛጋል። እታገኝ ደግማ አዛጋች። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«አዴ… ውሃ።»

ውሃው የተቀመጠው ወለሉ ላይ ነበር። ለጢፋ ልታነሣው ጎንበስ ስትል ክንዷ ከአልጋው ሥር አንድ ነገር ነካ። ሳፋ ነው፤ ላዩ በነጠላ ተሸፍኗል። ነጠላውን ገለጠችው። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ጨርቅ፤ ሁሉም ሲጨመቅ የሚፈስ። ከሥሩ ደሙ ተጠራቅሞ ረግቷል።

«አሰገደች፣ ምንድን ነው ይኼ?»

አሰገደች ዘላ ሳፋውን ያዘች። «መልሺው! የወላድ ደም ለባዕድ ዐይን አይሰጥም። ጭራሽ ለወንድ! ክፉ ደም ነው፤ እኔም ተክለጻድቅን ስወልድ ወጥቶልኛል። ይውጣላት።»

ይውጣላት። ያቺኑ ቃል። ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር እንደ ያኔው ሆነ፤ ዝም ብሎ መቀመጡ እጅግ ቀላል ነበር። ዛሬም ማንም አይወቅሳትም።

ሳፋውን ከአሰገደች እጅ መንጭቃ ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። ወላድ ያለችበት ክፍል ሳይጠሩ እንደማይገባ ታውቃለች፤ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

«ሬድዋን! እይ! ደብቀውህ ነው! ጨርቁ አንድ አይደለም!»

«ኧረ አዋረደችን!» አሰገደች ከኋላዋ ቀሚሷን ትጎትታለች፤ «ኧረ በማርያም፣ ሰው እያየ!»

«ሰው ይይ!» ለጢፋ ዞረችባት። «ሙናን የገደልኳት እኔ ነኝ! ሰማሽ? ክፉ ደም ነው ብዬ፣ ቁጭ ብዬ እያየሁ ነው የእህቴን ልጅ የገደልኳት! ይቺን ግን ቁጭ ብዬ አላይም!»

ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ወደ በሩ ተጠጉ። ሬድዋን ሁለተኛውን ሕፃን እናቱ ደረት ላይ አስቀምጦ ሳፋው ውስጥ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። የጽዳት ሠራተኛዋን ወላዷ ዘንድ አቁሞ ሮጠ።

የእታገኝን ሆድ ሲጫነው እጁ ሰመጠ። «እንደ ሊጥ ሆኗል» አለ ለራሱ። ደግሞ ሲጫነው የረጋ ደም ወጣ።

«አዴ፣ እጅዎን!»

«እኔ… ከወገብ በላይ…»

«እሱን ይተዉት! እዚህ ጋ!» የለጢፋን መዳፍ ከእታገኝ እምብርት በታች አስቀምጦ በራሱ እጅ ተጫነው። «ክብ እያደረጉ አጥብቀው ይሹ። ማኅፀኗ እንደ ድንጋይ መጠንከር አለበት። እንዳይለቁት!»

በእታገኝ ሁለቱም ክንድ ግሉኮስ ተከለላት፣ ሌላ መርፌ ወጋት፣ አምቡላንስ ለመጥራት ስልኩ ወደሚሠራበት የግቢው በር ሮጠ። ለጢፋ ታሻለች። ከመዳፏ ሥር ያለው ነገር ቀስ በቀስ ይጠነክራል፤ ጠነከረ ስትል መልሶ ይለሰልሳል። በለሰለሰ ቁጥር ከአዲስ ትጀምራለች። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች በጥርሶቿ መሀል። አሰገደች ሕፃኗን አቅፋ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች፤ ምጡ እንደገና እንደጀመረ ሁሉ።

«እታገኝ! የልጅሽን አፍንጫ አይተሻል? የአያቷን ነው፤ ምስኪን! ሰማሽኝ?»

እታገኝ አልመለሰችም። አሰገደችም አልተቀየመችም።

ጅማ ሆስፒታል የሚወስዳቸው አምቡላንስ ሲመጣ ሹፌሩ ከበሽተኛዋና ከአዋላጁ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው የምይዘው አለ። ቦታው የአማትየዋ ነበር። አሰገደች አንድ እግሯን ሰቀለች፤ ከዚያ አወረደችው።

«አንቺ ሂጂ» አለች ለጢፋን፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። «እኔ ሕፃኗን ይዤ በኋላ እመጣለሁ። እጅሽን ከዚያ አታንሺው። አደራ።»

መንገዱ ሲያነጥራቸው ለጢፋ ተንበርክካ አንድ እጇን አልጋው ላይ፣ አንድ እጇን የእታገኝ ሆድ ላይ አድርጋ ሄደች። ጣቶቿ ደነዘዙ፤ በክርኗ ክብደት ተጫነች። ሬድዋን በየጊዜው ጨርቁን ያያል፤ የደም ግፊቷን ይለካል። ለጢፋ ስንት እንደሆነ ለመጠየቅ ድፍረት አጣች። ሰቃን አለፉ። የጅማ ቤቶች ገና አልታዩም።

«አዴ…» የሚል ድምፅ ሰማች።

ለጢፋ ጆሮዋን ወደ ልጅቱ አፍ አስጠጋች።

«ያማል። ሆዴን ይልቀቁኝ።»

«አልለቅም።»

«ይልቀቁኝ እኮ አልኩ! ሆዴን ሊያፈርጡት ነው እንዴ? ምን ዓይነት ሴት ነዎት!»

ቀጭን ነው ድምፁ፤ ግን ቁጣ አለበት። ሬድዋን ከጨርቁ ላይ ቀና ብሎ፣ ከተነሡ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጢፋን አያት።

«ተቆጪ» አለች ለጢፋ፤ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ። «እሰይ ልጄ፣ ተቆጪ። ስደቢኝ። ጅማ እስክንደርስ ስደቢኝ።»

እያለችም ይበልጥ አጥብቃ ተጫነች።